ኮምፒውተሩ ዝም ያለ ዕለት

አባቴ መናገር ያቆመው ወንድሜ ጀማል በሞተ ሰሞን ነው። ሐኪሞች ምላሱንም ጉሮሮውንም አይተው "ምንም የለበትም፣ ሐዘኑ ነው፤ ጊዜ ስጡት" አሉን። ጊዜ ሰጠነው። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ክረምት መጥቶ ሄደ፣ አባቴ ግን ለሰላምታ እንኳ አፉን አልከፈተም። ሲርበው በእጁ ያሳየኛል፣ ሲጠማው ብርጭቆውን ያነሳልኛል፣ እኔን ሲፈልግ ደግሞ በከዘራው የክፍሉን በር ይደበድባል። እኔም ለመድኩት። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ሰሚራ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዳማ፣ ገንደ ሀራ ነው። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተች እኔንና ታናሽ ወንድሜን ጀማልን ያሳደገን አባታችን ሰይድ ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር እየጫነ ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ ሲመላለስ ነው ጠጉሩ የሸበተው። ጀማል መጀመሪያ ረዳቱ ሆነ፣ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣና መሪውን ተካፈሉት። አንድ ቀን ከሐዋሳ ሲመለሱ፣ ቡልቡላ ሳይደርሱ፣ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ይነዳ የነበረው ጀማል ነው። እዚያው ሞተ። አባቴ እግሩ ተሰብሮ፣ ራሱን ስቶ ተገኘ። "ሹፌሩን እንቅልፍ ጥሎት ይሆናል" ተባለና ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ምን እንደተፈጠረ ሊነግረን የሚችል ሰው አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ አይናገርም።

ከዚያ በኋላ የቢሮ ሥራዬን ትቼ ቤት ዋልኩ። አባቴ እግሩ ቢድንም ልቡ ደከመ፤ መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚሰጠው፣ ቀና የሚያደርገው ሰው ያስፈልገዋል። እኔም ሳሎኑ ጥግ ላይ በነበረው በጀማል ኮምፒውተር የተማሪዎችን ጽሑፍ እየጻፍኩ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ መኖር ጀመርኩ።

ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው። ጀማል ከሰው እጅ የገዛው፣ ያኔም ያረጀ። ማታ ማታ ጨዋታ ይጫወትበት ነበር። ታዲያ ሲነሳ የወፍጮ ቤት ጩኸት ነው የሚጮኸው። በተለይ ሙቀቱ ሲበረታ ማራገቢያው ያጓራል፣ ሣጥኑ ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛው አብሮ ይነዝራል። የሳሎኑንና የአባቴን ክፍል የሚለየው ስስ የቺፑድ ግድግዳ ነው፤ ያም ሆኖ ኮምፒውተሩ ከተከፈተ አባቴ በሩን በከዘራ ካልደበደበ በቀር አልሰማውም። እሱስ በጩኸቱ ተረብሾ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን ከናፍታ ሞተር ጋር የኖረ ጆሮ ነው፤ ካልጮኹለት አይሰማም።

ጩኸቱን ለማጥፋት የተነሳሁት ለእንጀራዬ ስል ነው። አንድ ተመራማሪ ገጠር ለገጠር እየዞረ ሽማግሌዎችን ያነጋገረበትን ቅጂ ሰጠኝ፤ ሰምቼ ወደ አማርኛ እንድገለብጥለት። ሽማግሌዎቹ ቀስ ብለው ነው የሚያወሩት፤ ነፋስ አለ፣ በግ ይጮኻል። በዚያ ላይ የኔ ኮምፒውተር ሲያጓራ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼም ግማሹ ያመልጠኛል። ራሴን ያመኝ ጀመር። በመጨረሻ ለቶሎሳ ደወልኩ።

ቶሎሳ የጀማል አብሮ አደግ ነው፤ ፖስታ ቤት አካባቢ ኮምፒውተር ይጠግናል። ቅዳሜ ጠዋት ቦርሳውን አንግቦ መጣ።

"አካም ቡልቴ፣ ሰሚ?" አለኝ በኦሮምኛ፤ እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው።

"ፈያ። ግባ።"

"አባባስ?"

"እንዳሉ ናቸው።"

የአባቴን በር ገፋ አድርጎ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለው። አባቴ ራሱን ነቀነቀለት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ቶሎሳ ሲመለስ ዓይኑን አሸት አድርጎ ሥራው ላይ አቀረቀረ።

ሣጥኑን ግቢ አወጣነው። ጎኑን ለመክፈት ሲሞክር አንደኛው ቡለን የለም፤ በምትኩ ቀጭን ሽቦ ተጠምዝዞበታል።

"ይቺ የጀማል ሥራ ናት" አለ። "ስንት ጊዜ ቡለን ልስጥህ ብዬው 'ሽቦ ምን አለው' ይለኝ ነበር።"

ሁለታችንም ሽቦዋን አየናት። ከዚያ ፈታት።

ውስጡ ለጉድ ነው። አቧራው ማራገቢያው ላይ ተጋግሮ እንደ ደበሎ ሆኗል። "ይሄ ኮምፒውተር አይደለም፣ የአዳማ ንፋስ መጋዘን ነው!" እያለ በአየር መንፊያ ነፋው፤ ግቢው ጭጋግ ለበሰ። የቀረውን በቀለም ቅብ ብሩሽ ጠራረገ። ማቀዝቀዣውን ሲያነሳው ከሥሩ የሚቀባው ቅባት እንደ ኖራ ደርቋል፤ ፍቆ አዲስ ቀባ። "እዪ፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ሲያጣ ነው ማራገቢያው የሚያብደው" አለኝ። የማራገቢያውን እምብርት የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረገበት። ሃርድ ዲስኩ ከብረቱ ጋር እንዳይንገጫገጭ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ቆራርጦ በመሐል አስገባ፤ ከሣጥኑ እግሮች ሥርም እንደዚያው። የድሮዋን ሽቦ ጥሎ አዲስ ቡለን አሰረበት።

አስገብተን ሰካነው። ቁልፉን ተጫነ።

"አልበራም" አልኩት።

"ስክሪኑን እዪዋ!" ብሎ ሳቀ።

በርቷል። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ የሚሰማው የተኛ ሰው ትንፋሽ የሚያህል ነገር ብቻ ነው። ቶሎሳን ምሳ ካላበላሁህ ብዬ ያዝኩት፤ በልቶ ሄደ።

አባቴን ምሳውን አብልቼ፣ የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰግዶ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ በሩን ገርበብ አድርጌ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ማዳመጫዬን ሰካሁ። አንድ የአርሲ ሽማግሌ ስለ ድርቅ እያወሩ ነው፤ ከብቶቻቸውን እየነዱ ውሃ ፍለጋ የወረዱበትን ዘመን። በወሬያቸው መሐል፣ ራቅ ካለ ቦታ፣ አንድ ሰው "ጀሜ" ሲል ሰማሁ።

ጀማልን ቤት ውስጥ ጀሜ ነበር የምንለው።

ቅጂውን ወደ ኋላ መለስኩት። ሽማግሌው፣ ነፋሱ፣ በጉ አሉ። "ጀሜ" የሚል የለም። እንደገና መለስኩት። የለም። የተጻፈ ነገር የተሰረዘ ያህል ነው። ማዳመጫውን ቀስ ብዬ ከጆሮዬ ነቀልኩ።

ድምፁ አልቆመም። ቤት ውስጥ ነው ያለው።

የወንድ ድምፅ ነው፤ ጎርናና፣ ዝግ ያለ። በዚያ ቤት የሚኖር ወንድ ድምፁን ካሰማ ዓመት አልፏል። አዑዙ ቢላህ ብዬ ተነሳሁ። የጎረቤት ሬዲዮ ይሆን ብዬ በመስኮት አየሁ፤ ግቢው ውስጥ ከዶሮዎቹ በቀር ማንም የለም። የኮምፒውተሩን ድምፅ ማጉያ ነካሁት፤ ተነቅሏል። ድምፁ የሚመጣው ከቺፑዱ ማዶ ነበር። ጫማዬን አውልቄ ወደተገረበበው በር ተጠጋሁና በስንጥቁ አየሁ።

አባቴ ፊቱን ወደ ጀማል አልጋ አዙሮ ተቀምጧል። ያ አልጋ ጀማል ከሞተ ወዲህ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። አባቴ እያወራ ነው። ጨርሶ ደግሞ ዝም ይላል፤ መልስ እንደሚሰማ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ይቀጥላል።

"ሙቀቱ ዛሬ ብሶበታል። ላንጋኖ ጋ ስንደርስ የምትላት ትዝ ትለኛለች... 'አባ፣ የፈላው ሞተሩ አይደለም፣ እኛ ነን።'"

ሳቀ። ወላሂ፣ ሳቀ። በሕይወቴ ከሰማሁት ሁሉ ያንን ሳቅ የሚያህል ያስፈራኝ ነገር የለም። ራሱን ነቀነቀና ቀጠለ።

"እሷ ደህና ናት። ትሠራለች። አይ፣ አትሰማኝም፤ ያ ማሽንህ እያለ ማን ማንን ይሰማል?" ትንሽ አሰበ። "ክኒኗን ዛሬም አልዋጥኳትም። ብዙ አላስጠብቅህም፣ ጀሜ።"

እንዴት ወደ ወንበሬ እንደተመለስኩ አላውቅም። ቁጭ ብዬ ጣቶቼን የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ዘረጋሁ፤ አንድ ፊደል ግን መጻፍ አልቻልኩም። ከጎኔ ያለው ድምፅ ከፍ ዝቅ ይላል። ስንት ከሰዓት በኋላ ነው እንዲህ ያወራው? እኔ ማሽኑን አስጓርቼ እዚህ ስቀመጥ፣ እነሱ እዚያ ሁለት ሆነው ሲጫወቱ ኖረዋል።

በከዘራው በሩን ሲደበድብ ከወንበሬ ዘለልኩ። ገባሁ። ብርጭቆውን አነሳልኝ፤ ፊቱ እንደ ወትሮው የተቆለፈ ነው። አሁን ሲያወራ የነበረው ሰው ይህ ነው ብሎ ማን ያምናል? ውሃውን አመጣሁለት። ለዐስር ሶላት ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ፣ በከዘራው እየተደገፈ ወደ ግቢ ሲወጣ ትራሱን አነሳሁ። በትራስ ልብሱ ማዕዘን ውስጥ ነጫጭ ክኒኖች ተጣብቀው እንደ ጠጠር ተጠቅልለዋል። እኔ በእጄ ያጎረስኩት፣ ውሃ አስይዤ ቆሜ ያየሁት መድኃኒት ነው። እግሩ ለምን እንደሚያብጥ፣ ሐኪሙ መጠኑን ቢጨምርለትም ለምን እንደማይሻለው ያን ጊዜ ገባኝ። ትራሱን እንደነበረ መለስኩት።

በማግስቱ ጠዋት ግቢ ወጥቼ ለሐኪሙ ደወልኩ።

"ካልወሰደ ልቡ አይችልም" አለኝ። "ዛሬ ነገ ሳትዪ አስውጪው። እምቢ ካለ ይዘሽው ነይ።"

ማስዋጡ አይደለም የቸገረኝ። ገብቼ "ሰምቼሃለሁ" ብለው፣ ያቺንም የቀረችውን ድምፅ ቢዘጋትስ? ከኔ ጋር አያወራም፤ ከጀማል ጋር ማውራቱን ካስቆምኩት ምን ይቀረዋል? ዝም ካልኩ ደግሞ እያየሁት ሊሄድ ነው። ወጥ እያማሰልኩ፣ ልብስ እያጠብኩ ይህንኑ ሳወጣ ሳወርድ ዙሁር ደረሰ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ማዳመጫውን አልነካሁትም። ጠበቅሁ።

ብዙም አልቆየ። ያን ዕለት ግን ሳቅ አልነበረም፤ ድምፁ የሚንቀጠቀጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ነው።

"ነግረኸኝ ነበር፣ ጀሜ። አርሲ ነጌሌን ስናልፍ 'አባ፣ ደክሞኛል፣ ተቀበለኝ' አልከኝ። እኔ... ዓይኔን እንኳ አልገለጥኩም። 'ቡልቡላ ድረስ ግፋ' አልኩህ። ይቺን ታህል መንገድ።" ጆሮውን ወደ አልጋው ዘንበል አደረገ። "አዎ። አዎ፣ አውቃለሁ። ተኝቼ ገደልኩህ። ትንፋሼ ደረቴ ላይ ሲቆም ይታወቀኛል፤ ቀርቧል። እመጣልሃለሁ።"

ያን ጊዜ ሐሳብ ማውጣት ማውረዱ አበቃ። ተነሳሁ፣ በሩን ገፍቼ ገባሁ። አባቴ ደንግጦ አፉን ገጠመ። አላናገርኩትም። አልፌው ሄጄ ጀማል አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። አልጋው ሲንቋቋ የአባቴ እጅ ከዘራው ላይ ጠበቀ።

ምን እንደምል አላዘጋጀሁም ነበር። ፊቴን ወደ ጎን፣ ጀማል ይቀመጥ ወደነበረበት ትራስጌ አዞርኩና፣ አባቴ እንዲሰማኝ በጩኸት ጀመርኩ።

"ጀማል! ትሰማኛለህ? እኔም ላወራህ መጥቻለሁ! አባ ከአንተ ጋር ብቻ ነው የሚያወራው፤ እኔ ለእሱ የለሁም! እኔም ወንድሜ ነው የሞተብኝ! አሁን ደግሞ ወደ አንተ ሊመጣ ነው፤ መድኃኒቱን ትራሱ ውስጥ ይደብቃል! ንገረው! እኔን ለማን ትቶ ነው የሚመጣው? ከማን ጋር ላወራ ነው እኔ? ከግድግዳ ጋር ነው?"

አላቆምኩም። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውሰውም። ጎረቤት ሳይሰማኝ አይቀርም። በመጨረሻ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

"ቀስ በይ።"

ቀና አልኩ። አባቴ እያየኝ ነው፤ እኔን።

"ቀስ ብለሽ አውሪው" አለ ጎርናናው ድምፅ። "እሱ እንደኔ ደንቆሮ አይደለም።"

እንዲያ ነው አባቴ ከዓመት በላይ ቆይቶ ያናገረኝ። ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም፤ ሁለቱንም አደረግሁ መሰለኝ። እሱ ግን አልሳቀም።

"ሰምተሻል?" አለኝ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ሁሉንም?"

"ተቀበለኝ ማለቱን ሰምቻለሁ።"

ዓይኑን ጨፈነ። "በይ፣ ፍረጂብኝ።"

"አይዞህ፣ ጥፋትህ አይደለም" ማለት እችል ነበር። ለቅሶ ቤት የሚባለውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ግን ያን ሰዓት ለሱ መዋሸት አልቻልኩም፤ ልቤ ውስጥ አንድ ነገር "ምነው በተነሳህለት" ብሏል። እውነቱን ነገርኩት።

"አላውቅም፣ አባ። መፍረድ የኔ አይደለም። እኔ የማውቀው አንተን መቅበር እንደማልችል ነው።"

ዐስር ደርሶ አዛን ሲል እጁን ዘረጋ። ብርጭቆውን የፈለገ መስሎኝ ነበር፤ ባዶ መዳፉን ነው የዘረጋልኝ። ክኒኗን አስቀመጥኩለት። ዋጠ። ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ አፉን ከፍቶ አሳየኝ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ጥቂት ቀን ተኝቶ ታከመ። ልቡ ሙሉ በሙሉ አይመለስም ተባለ፤ እብጠቱ ግን ጎደለ፣ ትንፋሹም ረዘመለት። ብዙ አያወራም፤ ቢሆንም ያወራኛል። በጋ ሲገባ አንድ ጠዋት "ውሰጂኝ" አለኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅሁትም።

በሚኒባስ ሄደን ቡልቡላን አልፈን ወረድን። አባቴ ቦታውን ሳይጠይቅ አወቀው። ሜዳ ነው፤ አንድ ሁለት ግራር፣ የመኪና ንፋስ የሚያምሰው አቧራ። ግራሩ ሥር ከሰል የምትሸጥ ሴት ተቀምጣለች። አባቴ ከዘራውን ተክሎ ሲያለቅስ ስታይ ተነስታ መጣች። በኦሮምኛ "ምን ሆነው ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ኮንቴይነር የጫነ መኪና እዚህ ተገልብጦ እንደነበር፣ ሹፌሩ ልጃቸው እንደሆነ ነገርኳት።

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ያ ልጅ? የጋሪው ዕለት?"

"የምን ጋሪ?"

በእጇ እያሳየች ነገረችኝ። ልጆች የጫነ የአህያ ጋሪ ከዚያ ከግራሩ ጀርባ ድንገት መንገዱ ውስጥ ገባ። መኪናው ጥሩምባ ነፋ፣ ጋሪውን ሳተና ከመንገድ ወጣ። ልጆቹን አንዳች አልነካቸውም። ባለጋሪው ፈርቶ ሮጠ። "የጠየቀን ሰው የለም እንጂ አይተናል" አለች። "ልጁ ልጆቹን ሊያድን ነው የወጣው።"

አባቴ ኦሮምኛ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ጆሮው ግን አልያዘለትም። ዓይኑ ከኔ ፊት ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደኔ ይመላለሳል። "ምን አለች?"

አስፋልቱ ዳር ቆሜ፣ ከባድ መኪኖች እያለፉብን፣ በጆሮው ጮህኩለት። "ጀማል አልተኛም ነበር! አባ፣ አልተኛም! ጋሪ ላይ የነበሩ ልጆች ሊያድን ነው የወጣው!"

ሦስቴ አስደገመኝ። ከዚያ ሴትዮዋን እጇን ይዞ መረቃት። የልጆቹን ደህንነት ጠየቀ፤ ደህና ናቸው አለችው። ልጁ የወደቀበትን አፈር ዝቅ ብሎ ነካ። ቀና ሲል ሸክም የወረደለት ሰው ፊት አየሁ ብዬ ልንገራችሁ አምሮኝ ነበር። አላየሁም።

"ቢሆንም፣ ተቀበለኝ ብሎኝ ነበር" አለ።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ እውነቱ ሲታወቅ ሰው ነፃ ይወጣል ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም አስብ ነበር። አባቴ ግማሹን ነው የወጣው፤ ግማሹ እስካሁን እዚያ መንገድ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ አሁንም ከጀማል ጋር ያወራል፤ እኔም አልከለክለውም፣ አንዳንዴ ገብቼ አብሬ እቀመጣለሁ። እኔን የለወጠኝ ሌላ ነገር ነው። ዝም ያለ ሰው ሐሳቡ ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዝምታው ለኔ ብቻ ነበር። ቤታችሁ ውስጥ የማይናገር ሰው ካለ፣ ጊዜ ስጡት የሚለውን ምክር ብቻ ይዛችሁ አትቀመጡ። አንዳንድ ጊዜ በሩን ገፍታችሁ ግቡ። ምን እንደምትሉ ባታውቁም ግቡ። እኔ ያ ማሽን እስኪጠገን ድረስ አልገባሁም ነበር፤ ቅጂ የሚያስገለብጥ ሰው ባይመጣልኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው አሁንም ይበርደኛል።

ያን ዕለት ስንመለስ ከባቱ በተሳፈርንበት ሚኒባስ አባቴ ጋቢና፣ ከሹፌሩ ጎን ካልሆነ አልቀመጥም አለ። ሹፌሩ የጀማል እኩያ የሆነ፣ ሙዚቃ የከፈተ ጎረምሳ ነው። ገና መንገድ ስንጀምር አባቴ ወደ እሱ ዞረ።

"ልጄ፣ ደክሞሃል?"

"ኧረ ደህና ነኝ፣ አባባ!"

መቂን ስናልፍ ደግሞ ጠየቀው። ሞጆ ስንገባም። ተሳፋሪው ይሳሳቅ ጀመር፤ ሹፌሩም "እኒህ አባባ ዛሬ ሊያስተኙኝ ነው!" ብሎ ቀለደ። አባቴ ቀልዱን አልሰማውም። ዓይኑን ከሹፌሩ ፊት ላይ ሳያነሳ፣ እጁን ወደ መሪው ጠጋ አድርጎ፣ አዳማ እስክንገባ ድረስ እንደዚያው ተቀምጦ ነበር።